ሁለት ፈረሶች የሞቱበት ግልቢያ

በዚህ ታሪክ ውስጥ ጀግና የምትፈልጉ ካላችሁ ከወዲሁ ተዉት። ሁለት ፈረሶች ሞተዋል፤ አንድ ንጹሕ ሰው ለሞት ቀርቦ ነበር፤ እኔ ደግሞ እውነቱን ከማንም ቀድሜ እያወቅሁ አፌን ዘግቼ ቆይቻለሁ። አንብባችሁ ስትጨርሱ ብትጠሉኝ መብታችሁ ነው። ለምጄዋለሁ።

ስሜ ሰይድ ነው፤ የወሎ ልጅ ነኝ። በእንስሳት ጤና ረዳትነት ሠልጥኜ በአንድ የመንግሥት እርሻ የጋማ ከብት ሳክም ነበር። መንግሥት ሲለወጥ እርሻው ተበተነና ወደ ጅግጅጋ ወረድኩ። በዚያ አካባቢ በነበረ ካምፕ ውስጥ ከሐርጌሳ ጦርነት ሸሽተው የመጡ ሰዎችን ፍየልና ግመል እያከምኩ ሶማልኛ ለመድሁ። ሰዎቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ እኔም አብሬያቸው ተሻገርኩ።

ሐርጌሳ ያን ጊዜ ግማሿ ፍርስራሽ፣ ግማሿ ግንባታ ነበረች። አንዱ ቤት ላይ አዲስ ቆርቆሮ ሲመታ፣ ጎኑ ያለው ደግሞ ውስጡ ፈንጂ አለ ተብሎ በቀይ በተቀቡ ድንጋዮች ይታጠራል። አሕመድ ዳጋህ ሰፈር ውስጥ ሐጂ ሙሴ የሚባሉ፣ ከብት ወደ ዐረብ አገር የሚልኩ ነጋዴ፣ የእንስሳት መድኃኒት መደብር ከፍተው ነበር። ከካምፑ ያውቁኝ ስለነበር ቀጠሩኝ። ጅግጅጋ ያር በሚባለው የሐርጌሳ ሰፈር ከአንድ ሻይ ቤት ጀርባ ክፍል ተከራይቼ መኖር ጀመርኩ። ሰዎቹ ሲቸግራቸው «ዶክተር» ይሉኛል፤ ሲናደዱ «ሐበሺ»። ሁለቱንም በአንድ ቀን የሰማሁበት ጊዜ ብዙ ነው።

በዚያ ከተማ ጓደኛዬ የምለው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ከማል። የድሬዳዋ ልጅ ነው፣ በዕድሜ ይበልጠኛል፣ ሼክ ኑር ሰፈር ይኖራል፣ በአህያ ጋሪ በርሜል ጭኖ ውሃ ያድላል። ወባ ይዞኝ አንድ ሳምንት ስተኛ ከጎኔ ያልጠፋው እሱ ነው። አማርኛ የምንናገረው እኔና እሱ ስንገናኝ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል።

ነገሩ የመጣው የከተማው ወገኖች እርስ በርስ ተዋግተው ሰላም ወረደ ከተባለ በኋላ ነው። ትናንት የተታኮሱ ቤተሰቦች ዛሬ አብረው እንዲታዩ ተብሎ ነጋዴዎቹና የቀድሞ ተዋጊዎቹ ረጅም የፈረስ ግልቢያ ውድድር አሰቡ። ማለዳ ከከተማው ዳር ተነስቶ ሜዳውን ማቋረጥ፣ እኩለ መንገድ ላይ አርፎ በሌላ አቅጣጫ መመለስ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ መግባት። ከጦርነትና ከድርቅ የተረፈው ፈረስ ጥቂት ስለሆነ የተመዘገበው አሥራ አንድ ብቻ ነበር። የሐጂ ሙሴ ዳማ ፈረስ አንዱ ነው። ሌላው ዳውድ የሚባል የቀድሞ የጦር አዛዥ ጥቁር ፈረስ፣ ጉራቻው ነበር። የሁለቱ ሰዎች ቤተሰቦች ከአንድ ዓመት በፊት ደም ተቃብተዋል።

የማረፊያውን ፍተሻ ለእኔ ሰጡኝ። ደንቡንም የጻፍኩት እኔ ነኝ፦ እያንዳንዱ ፈረስ አንድ ሰዓት ያርፋል፣ ይጠጣል፣ ልቡ ካልሰከነ አይቀጥልም። ሽማግሌዎቹ አንብበው ተስማሙ። ለማረፊያው ውሃ የሚያደርስ ሰው ሲፈለግ ከማልን ያቀረብኩት እኔ ነኝ። እሱም ከዋዜማው በሦስት ጋሪ በርሜሎቹን አደረሰ።

ሐሙስ ቀን ፈረሶቹ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ሊነሱ ነበር። ነገር ግን አንድ የክብር እንግዳ ይመጣል ተባለ። እንግዳው ሲመጣ ፀሐይዋ ከአናት ልትደርስ ምንም አልቀራት። ንግግር ተደረገ፣ ተጨበጨበ፣ ፈረሶቹ በዚያ ሙቀት ተለቀቁ። እኔ ማረፊያው ላይ ስጠብቅ የውድድሩ ኮሚቴ መልእክት ላከብኝ። ሰዓት ስለሄደ ዕረፍቱ ወደ ሩብ ሰዓት ያጥራል ይላል። ተናደድኩ፤ ግን ማንንም አልተቃወምኩም።

መጀመሪያ የደረሰው ዳማው ነው። ጋላቢው ፋራህ ይባላል፣ የሐጂ ሙሴ የእህት ልጅ፣ ሠላሳ ዓመት ያለፈው ሰው ነው። የፈረሱ ላብ ደርቆ በጎኑ ላይ ነጭ ጨው ሆኗል። የአንገቱን ቆዳ በጣቴ ቆንጥጬ ስለቅቀው እንደተቆነጠጠ ቀረ፤ ሰውነቱ ውሃ አጥቷል። ማዳመጫውን ከፊት እግሩ ክርን ኋላ አድርጌ የልቡን ምት ቆጠርኩ። ጠብቄ እንደገና ቆጠርኩ። ልቡ አልበረደም። ከሁሉ የገረመኝ ግን ውሃው አጠገቡ እያለ ፋራህ ልጓሙን ስቦ አንገቱን ቀና አድርጎ መያዙ ነው። ለምን አታጠጣውም ስለው ውሃ ይከብደዋል፣ አጎቴ ከልክለውኛል አለኝ።

በዚህ መሐል ሐጂ ሙሴ በመኪና ደረሱ። የዳውድ ጉራቻም ከሩቅ አቧራ እያስነሳ ይታያል።

«እንዴት ነው?» አሉኝ።

«ልቡ አልሰከነም፣ ሐጂ። መቆየት አለበት።»

አላስፈራሩኝም፤ ድምፃቸውንም ከፍ አላደረጉም። ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ «ሰይድ፣ እዚህ አገር ከእኔ ሌላ ማን አለህ?» አሉኝ።

ወረቀቱ ላይ «ደህና» ብዬ ጻፍኩ። ይኸው ነው። ጠመንጃ አልተደቀነብኝም፤ ጉቦ አልተቀበልኩም። አንድ ጥያቄ ተጠየቅሁና ጻፍኩ።

ዳማው ሲወጣ ጉራቻው ገና ውሃ እየጠጣ ነበር። የእሱም ልብ አልበረደም። የዳውድ ጋላቢ ግን ያኛውን ለቀህ እኔን ልታስቀረኝ ነው ወይ ብሎ አፈጠጠብኝ። ለእሱም «ደህና» ጻፍኩለት። የቀሩት ዘጠኙ ቀስ ብለው እየመጡ፣ ጠጥተውና በጥላ ቆመው ሄዱ። እነሱን የሚያጣድፍ ሰው አልነበረም።

ዳማው የወደቀው ከተማው ዳር የተሰበሰበው ሕዝብ እያየው ነው። እኔ በኋላ ስደርስ ሰዎቹ የነገሩኝ፣ መጀመሪያ የኋላ እግሮቹ ከዱት፣ ተንበረከከ፣ ሊነሳ ሞከረ፣ ከዚያ በጎኑ ተኝቶ እዚያው ሞተ። ጉራቻው አንደኛ ሆኖ ገባ። እልልታው ሳያልቅ እሱም ቆሞ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ያለኝን ግሉኮስ ሁሉ በደም ሥሩ ሰጠሁት፤ ዓርብ ሊነጋጋ ሲል ሞተ።

ገና ሐሙስ ማምሻውን ግን ወሬው ተነስቶ ነበር። ውሃው ተመርዟል ተባለ። የሐጂ ሙሴ ወገኖች የዳውድ ሰዎች አስመረዙት አሉ፤ ጉራቻው ሲደክም ደግሞ የዳውድ ወገኖች ወሬውን ገለበጡት። ጠመንጃ ገና ከየቤቱ ተሰብስቦ ያላለቀበት ጊዜ ነው። ሁለቱ ወገኖች የሚስማሙበት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ውሃውን ያመጣው ሐበሺ ነው። ከማል ባዶ በርሜሎቹን ጭኖ ሲመለስ ከጋሪው ጎትተው አወረዱት። ፖሊሶች ደርሰው ባይነጥቋቸው ኖሮ እዚያው ይጨርሱት ነበር።

ዓርብ ጠዋት ሼክ አደን አስጠሩኝ። የሽምግልናው የበላይ እሳቸው ናቸው፤ ጥቂት የሚናገሩ፣ ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ። ሁለቱም ፈረሶች እንዲመረመሩ ሁለቱም ወገኖች ተስማምተዋል አሉኝ። እስከ ቅዳሜ ጠዋት ምክንያቱን አግኝ፤ ሽማግሌዎቹ ከሚሰበሰቡበት ዛፍ ሥር ቀርበህ ትናገራለህ ብለው አዘዙኝ።

ከእሳቸው ወጥቼ ወደ ፖሊስ ጣቢያው ሄድኩ። ከማል ወለሉ ላይ ተቀምጧል፤ አንድ ዓይኑ አብጦ ተዘግቷል፤ ከንፈሩ ተሰንጥቋል።

«አቦ፣ አንተ እዚያ ነበርክ» አለኝ። «አህዮቼም ከዚያው ውሃ ጠጥተዋል። ንገራቸዋ።»

«እያጣራሁ ነው» አልኩት።

በደህናው ዓይኑ አየኝና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ምን ነበር የማጣራው? ዳማው አንዲት ጉንጭ ውሃ እንዳልጠጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ያልተጠጣ ውሃ አይገድልም። ይህን በዚያች ደቂቃ ለጠባቂው ፖሊስ ብነግረው ከማል ቢያንስ ከወለሉ ላይ ይነሳ ነበር። ይህን ስል ግን «ታዲያ ለምን ለቀቅኸው?» የሚለው ጥያቄ ይከተላል። ስለዚህ እያጣራሁ ነው አልኩ።

መደብሩ ስደርስ ሐጂ ሙሴ ይጠብቁኝ ነበር። ውሃው ነው ብለህ ተናገር አሉኝ። እኔም ዳውድም እንቀበላለን፣ ደም አይፈስም፣ አንድ ሰው ወደ አገሩ ይባረራል፣ በቃ፤ ለሰላሙ ብለህ አድርገው አሉኝ። የዳውድ ሰዎች ፈረሳቸውን የገደለው ሰው ከተማዋን በእግሩ እንደማይወጣ ሲምሉ ሰምቻለሁ፤ እሳቸውም ሰምተዋል። ሐጂ፣ ከማል እኮ ዘመድ የለውም አልኳቸው። «ለዚያ ነው እሱ የሚሻለው» አሉኝ። ይህን ሲናገሩ ፊታቸው ላይ ክፋት አልነበረም፤ ሒሳብ የሚሠራ ሰው ፊት ነበር። ያን ጊዜ ጠላኋቸው። እኔን «ማን አለህ?» ባሉኝ ቀንም የሠሩት ይህንኑ ሒሳብ እንደነበር የገባኝ በዚያች ሰዓት ነው።

ከቀትር በኋላ ቢላዬን ይዤ ሜዳው ላይ ወጣሁ። ሬሳዎቹን ጅብና ውሻ እንዳይነካቸው ከሁለቱም ወገን የታጠቁ ሰዎች ይጠብቋቸው ነበር። ዳውድ ራሱ መጥቶ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ቢላውን ሳወጣ አይቶ ሐበሺ፣ ፈረሴን እንዳትበጣጥሰው አለኝ።

ዳማውን ከፈትኩት። ሆዱ ውስጥ ያለው መኖ እንደ ጡብ ደርቋል። ፊኛው ውስጥ የቀረው ሽንት ጥቁር ሻይ ይመስላል፤ ጡንቻ በሩጫ ብዛት ሲቀልጥ ሽንት እንዲህ ይጠቁራል። የጭኑ ሥጋ የተቀቀለ መስሏል። የአንገቱን ቆዳ ስገፍ ከሥሩ የረጋ ደም አገኘሁ፤ የመርፌ ቦታ ነው፣ ከአንድ ቀን በፊት የተወጋ። ረቡዕ ዕለት ሐጂ ሙሴ ለታመመ ግመል ብለው አንድ ጠርሙስ የሕመም ማስታገሻ ከእጄ ወስደዋል። የፊት እግሩን ዳሰስኩ፤ ጅማቱ አብጧል። ፈረሱ አስቀድሞ እያነከሰ ነበር ማለት ነው። ሕመሙን አደንዝዘውለት፣ ውሃ ነስተውት፣ በቀትር ፀሐይ አስሮጡት። ጉራቻውንም ከፈትኩት። መርፌ የለበትም፤ ሽንቱና ሥጋው ግን አንድ ነው። እሱን የገደለው ያላረፈው ዕረፍት ነው። ከዚያው ውሃ የጠጡት ዘጠኝ ፈረሶችና ሦስት አህዮች ቆመው ይግጣሉ።

ፋራህን ፈልጌ አገኘሁት። ለሽማግሌዎቹ ፈረሱ አለመጠጣቱን ብቻ ተናገር ብዬ ለመንኩት። ፋራህ መሬት መሬት እያየ ፈረሱ ጠጥቷል አለኝ። ፊቴ ላይ ዋሸኝ። ልሰድበው ፈልጌ ነበር። እኔስ ወረቀት ላይ ምን ነበር የጻፍኩት?

ቅዳሜ ጠዋት ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ ትልቅ ግራር ሥር ሰው ተሰበሰበ። ሐጂ ሙሴ በቀኝ፣ ዳውድ በግራ፣ ከየኋላቸው ወገኖቻቸው። ከማልን ሁለት ፖሊሶች ይዘውት መጥተው ፀሐይ ላይ አስቀመጡት። ጥላ የሰጠው የለም። ሼክ አደን የቁርኣኑን መክፈቻ፣ ፋቲሓን፣ አስነብበው ወደ እኔ ዞሩ።

ያየሁትን በቅደም ተከተል ተናገርኩ፤ ሽንቱን፣ ሥጋውን፣ የደረቀውን መኖ፣ የመርፌውን ቦታ። መርዝ የለም፣ ዳማው ጭራሽ አልጠጣም አልኩ። ወዲያው ፋራህ ተነስቶ ጠጥቷል ብሎ በአላህ ስም ማለ። ከግራም ከቀኝም ጫጫታ ተነሳ። ሐበሺ ለሐበሺ ይመሰክራል የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከኋላ የተወረወረ ጠጠር ትከሻዬን መታኝ። ሐጂ ሙሴ ሳይቆጡ፣ ይህ ልጅ ለጓደኛው አዝኖ ነው፣ አትፍረዱበት አሉ። ሰው ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። በዚያች ደቂቃ ነገሩ አልቆ ነበር። ዝም ብዬ ብቀመጥ ለጓደኛው የሞከረ ደግ ሰው እባል ነበር፤ ሥራዬም አይነካም፤ ከማልም ይሞታል።

ከኪሴ የማረፊያውን ወረቀት አወጣሁ።

«ፈረሱ አለመጠጣቱን የማውቀው አጠገቡ ስለቆምኩ ነው» አልኩ። «ልቡ አለመስከኑንም ሁለት ጊዜ ቆጥሬ አውቄያለሁ። ይኸው በእጄ 'ደህና' ብዬ ጽፌያለሁ። ጉራቻውንም እንዲሁ ለቀቅሁት። ማቆም የምችለው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ሐጂ ሙሴን ፈርቼ አላቆምኩም። የተወጋውንም መድኃኒት ከመደብሩ የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

ሼክ አደን ወረቀቱን ተቀብለው አጠገባቸው ላለው ሰው ሰጡና አስነበቡት። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ሌላውን የሚከስ ሰው ሊዋሽ ይችላል» አሉ። «ራሱን የሚከስ ምን ሊያተርፍ ይዋሻል?» ወደ ፋራህ ዞረው ቁርኣን ይምጣ፣ እጅህን ጭነህ ድገመው አሉት። ፋራህ ቆመ። ቁርኣኑ ሲመጣ ተቀመጠ። ፈረሱ አልጠጣም አለ፤ ድምፁ አይሰማም ነበርና እንዲደግመው ተደረገ።

ሁለቱ ወገኖች አልተዋጉም። ሁለቱም የሚጠሉት አንድ ሰው ስላገኙ ይመስለኛል። ዳውድ መጥቶ ፊት ለፊቴ ቆመ። ጠመንጃውን ለሌላ ሰው ሰጥቶ በጥፊ መታኝ፣ አንድ ጊዜ፣ ጆሮዬ እስኪጮህ። ያንን ፈረስ በጦርነቱ ውስጥ ከራሱ ልጆች እኩል ውሃ እያካፈለ እንዳቆየው ነግሮኝ ሄደ። እሱን እንኳ መቀየም አልቻልኩም። ሐጂ ሙሴ ከዚያ ቀን በኋላ ቃል አልተናገሩኝም። ልብሴንና መጻሕፍቴን በመደብሩ ደጅ አቧራ ላይ አገኘሁ። የተከራየሁበት ሻይ ቤት ባለቤትም በሳምንቱ ክፍሉን እፈልገዋለሁ አለኝ።

ከማልን እዚያው ከግራሩ ሥር ፈቱት። ሮጬ ሄድኩ። እጁን ልይዝ ስል ወደ ራሱ ሰበሰበው።

«ውሃው እንዳልሆነ መቼ አወቅህ?» አለኝ።

መዋሸት እችል ነበር። «ሐሙስ» አልኩት።

«ጣቢያ ስትመጣ ታውቅ ነበር?»

«አዎ።»

«እያጣራሁ ነው አልከኝ እኮ» አለና አህዮቹን ፍለጋ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ከተማዋን ለቅቄ እወጣለሁ ብዬ ነበር፤ አልወጣሁም። በየሰፈሩ እየዞርኩ የጋሪ አህያና ፈረስ ማከም ያዝኩ። በዓመቱ ግልቢያው እንደገና ሲታሰብ ሼክ አደን አስጠርተው ማረፊያውን አንተ ያዝ አሉኝ። ተገርሜ ማን ይስማማል አልኳቸው። ሁሉም ተስማምቷል፤ ሁሉም ወገን እኩል የሚጠላው ሌላ ሰው አላገኘንም አሉኝ። አልሳቁም። በዚያ ቀን አራት ፈረሶች አስቀረሁ። ተሰደብኩ፣ አንዱ ጋላቢ ጅራፉን አነሳብኝ። የሞተ ፈረስ ግን አልነበረም።

ብዙ ጊዜ ሰዎች ፈረስ ሲሞትባቸው መጥተው ምን ገደለው ይሉኛል። ሙቀት ነው፣ ጥማት ነው፣ ሕመም ነው እላቸዋለሁ፤ እውነት ነው። እናንተም አንድ ቀን የአንድ ነገር ሞት እንድትመረምሩ ብትታዘዙ ቢላውን ከማንሳታችሁ በፊት ይሂድ ብሎ የፈረመው ማን እንደሆነ ጠይቁ። ፊርማው የእናንተ ከሆነ ደግሞ ለሽማግሌ እስክትቀርቡ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ተናገሩ። እኔ ተናግሬያለሁ፣ ግን ዘግይቼ። ከዛፉ ሥር የተናገርኩት ቃል የሰው ሕይወት አድኗል ብለው የሚያወድሱኝ አሉ፤ እነሱ የዓርቡን ጠዋት አያውቁም።

ከማል አሁንም ሼክ ኑር ነው። አንዳንድ ቀን መንገድ ላይ እንገናኛለን። አሰላሙ ዓለይኩም እለዋለሁ። ሰላምታ መመለስ በሃይማኖታችን ግዴታ ስለሆነ ወዓለይኩሙ ሰላም ይለኛል፤ ከዚያ አህዮቹን ነድቶ ያልፋል።